የኢልሳር ማዕዘን

ንጉሥ ዘርአሞን በጎልመራ ዙፋን በተቀመጡ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ክረምቱ አልፎ ሰማይ በጠራበት ማለዳ፣ የመዲናይቱ ሰባት ምንጮች ባንድ ጊዜ አመድ አፈለቁ። ውኃው መጀመሪያ ደፈረሰ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ከየድንጋዩ ሥር ትኩስ አመድ ይንፎለፎል ጀመር። ከብቶች አሽትተውት ወደ ኋላ ሸሹ። ሽማግሌዎቹ ግን አልጠየቁም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ምሥራቅ ተመለከቱ።

በምሥራቅ የአመድ ባሕር ተንጣሎ ነበር። ከሥሩ ጉርማዝ የሚባለው ዘንዶ ተኝቷል። ዘንዶው ሲነቃ ትንፋሹ የምድርን ሆድ ሰርስሮ ይሄዳል፤ ምንጭ ያደርቃል፣ አዝርዕት በቁሙ ያነዳል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሦስት ወንድማማቾች፣ ኢልሳር፣ ሞራንና ናጌብ፣ በባሕሩ ዳርቻ ሦስት ሐውልቶች አቁመው በመካከላቸው ሦስት የብርሃን ገመድ ወጠሩበት፤ ዘንዶውም ከገመዶቹ በታች አንቀላፋ። የጎልመራ ሦስቱ ታላላቅ ቤቶች የወረዱት ከእነዚህ ወንድማማቾች ነው። በየበዓሉም የዝማሬው አለቃ ቆሞ፣ «ሦስቱ እኩል ናቸው፤ ክብራቸው እኩል፣ መንገዳቸው እኩል» እያለ ያዜም ነበር።

ገመዶቹ ማርጀታቸው የታወቀው ባለፈው ዓመት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? በጎልመራ ይህ እውነት ነበር፤ የብርሃኑ ገመድ የሚፈተለው ከሰምሮን ዋሻዎች ከሚለቀም የሸረሪት ድር ነው። አርባ ዓመት የተለቀመው ድር መቶ ሃያ ቀላድ የሚረዝም ፈትል ወጣው። ግማሹን አንሥተው፣ እንደ ዝማሬው ቃል፣ እኩል በእኩል ሦስት ቦታ ቆረጡት፤ እያንዳንዱ ሃያ ቀላድ። ሃያ ሁለት ሰው ይዞት ዘመተ። ከኢልሳር ወደ ሞራን የተወረወረው ረግቦ አመዱ ላይ ተኛ። ከሞራን ወደ ናጌብ የተወረወረው ሳይደርስ ወደቀ። ከኢልሳር እስከ ናጌብ ያለው ብቻ ተወጠረ፤ እሱም ብቻውን ምንም አልያዘም። ዘንዶው ተነሣ። ከሃያ ሁለቱ የተመለሰው አንድ ወታደር ነው።

አሁን የቀረው ስድሳ ቀላድ ፈትል ብቻ ነበር። ሦስተኛ ሙከራ የለም።

ንጉሡ ሸንጎ ተቀመጡ። ከመኳንንቱ መካከል ማንም ያልጠራት ወጣት ተነሥታ እጅ ነሣች። አዝሜራ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወገኗ ቀላድ ጣይ ነው። ቀላድ ጣዮች የርስት ወሰን በገመድ የሚለኩ ሰዎች ናቸው፤ ቀላድ የገመዱም የርዝመቱም ስም ነው። በእጇ ከአባቷ የወረሰችው የመዳብ ሰሌዳ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «ይህ ሰሌዳ ሐውልቶቹ ሲቆሙ የነበረው የመጀመሪያው ቀላድ ጣይ የጻፈው ነው። ከባሕሩ ጠርዝ ካለው ከእምብርት ድንጋይ ተነሥቶ የእያንዳንዱን ቦታ ይናገራል። ኢልሳር ወደ ምሥራቅ ዐሥራ አራት፣ ወደ ሰሜን ሦስት ቀላድ ነው። ሞራን ወደ ምሥራቅ ሃያ ስድስት፣ ወደ ሰሜን ዐሥራ ሁለት። ናጌብ ወደ ምሥራቅ ሁለት፣ ወደ ሰሜን ዐሥራ ዘጠኝ።»

«ይህ ምን ይነግረናል? በመካከላቸው ያለውን አመድ ተራምዶ የለካው የለም» አሉ ንጉሡ።

«መራመድ አያስፈልግም። ከኢልሳር እስከ ሞራን የምሥራቁ ልዩነት ዐሥራ ሁለት ነው፤ የሰሜኑ ዘጠኝ። ዐሥራ ሁለትን በራሱ ባበዛው መቶ አርባ አራት፤ ዘጠኝን በራሱ ባበዛው ሰማንያ አንድ። ሲደመሩ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ይሆናሉ። በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጥ ቁጥር ዐሥራ አምስት ነው። ርቀቱ ዐሥራ አምስት ቀላድ ነው። ሃያ ቀላድ ገመድ የረገበው ለዚህ ነው። በዚሁ መንገድ ከኢልሳር እስከ ናጌብ ሃያ ይመጣል፤ ከሞራን እስከ ናጌብ ደግሞ ሃያ አምስት። ሦስቱ ጎኖች እኩል አይደሉም፤ ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም።»

ሸንጎው ተንጫጫ። የዝማሬው አለቃ ኢዮራም በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ይህች ልጅ አባቶቻችንን በገመድ ልትለካ መጣች? አንዱን ቤት አርዝማ ሌላውን ልታሳጥር?»

«አባቶቻችንን አይደለም፣ አባቴ» አለች አዝሜራ በለሆሳስ። «የቆሙበትን ምድር ነው። ደግሞም ዐሥራ አምስት፣ ሃያና ሃያ አምስት ቢደመሩ ስድሳ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሃያም ስድሳ ነው። ፈትሉ አላነሰንም ነበር። የሳትነው አቆራረጡን ነው።»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሡ። ከዚያ ወደ አደባባዩ ኵሬ ወረዱና በዚህ ዳር አንድ፣ በዚያ ዳር አንድ ካስማ አስተከሉ። «ውኃው ሳይነካሽ የመካከሉን ልክ አምጪ» አሏት። አዝሜራ በኵሬው ዙሪያ ዞረች፤ ስምንት ክንድ ወደ ምሥራቅ፣ ስድስት ክንድ ወደ ሰሜን ቈጠረች፤ ስድሳ አራትንና ሠላሳ ስድስትን ደመረችና ዐሥር ክንድ ገመድ ቆረጠች። ሁለት አሽከሮች ዋኝተው ወጠሩት። አልረገበም፣ አላጠረም።

ንጉሡ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «በሦስቱ አባቶቼ ዐፅም እምላለሁ፤ ይህች ልጅ በለካችው ልክ ይቆረጣል። ቢሳሳትም ደሙ በእኔ ራስ ይሁን እንጂ በእሷ አይሁን።»

ፈትሉን የፈተሉት እማማ ዶራት የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣቶቻቸው ግን አልደከሙም። ገመዱን ራሳቸው ቆረጡት፤ ራሳቸውም እንደሚዘምቱ ተናገሩ፣ የድሩ ገመድ በፈታዩ እጅ ሲወረወር ይበልጥ ይታዘዛልና። ሦስተኛ ሰው ሲፈለግ ከዘበኞቹ መካከል ቀኝ ጆሮው በቃጠሎ የተኮማተረ ሰው ወጣ። ገልሞ ነበር፣ ካለፈው ዘመቻ የተረፈው። ሕዝቡ ስሙን ትቶ «ተራፊው» ይለዋል፤ እንዴት ብቻውን እንደተረፈም በየጎዳናው ይታማል።

ገልሞ ለንጉሡ ሳይሆን ለአዝሜራ ነበር የተናገረው።

«ከሞራን ወደ ናጌብ ገመዱን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ወሰንያ በናጌብ በኩል እጁን ዘርግቶ ይጠብቅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ክንዴ ቢበረታ ኖሮ ይደርስለት ነበር እያልኩ ኖሬአለሁ።»

«አያ ገልሞ» አለችው፣ «አምስት ቀላድ ጎድሎት ነበር። የማንም ክንድ አያደርሰውም።»

ገልሞ እዚያው የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጋሻውን ከጎኑ አኖረ።

ጉዞው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አገሩ ከቀን ወደ ቀን እየነደደ ሄደ፤ ከቀርከሃው ጫካ ወዲያ ወፍ አልነበረም። በአራተኛው ቀን በዙርማ ገደል የአመድ ጅቦች ገጠሟቸው፤ ዓይን የሌላቸው፣ በሰው ትንፋሽ የሚመሩ አውሬዎች። ገልሞ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን እንዲይዙ አዘዘና ራሱ እየጮኸ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠ፤ አውሬዎቹ ድምፁን ተከትለው ሲወረወሩ በጋሻው ጎን እየገፋ ሦስቱን ወደ ታች ሰደዳቸው። አራተኛው ሸሸ። የገልሞ ግራ ክንድ ግን ክፉኛ ተቧጨረ።

ባረፉ ቁጥር ገልሞ አንድ ነገር ይለምን ነበር። «ያንን ነገር አሳዪኝ» ይላል። አዝሜራም መሬት ላይ ሁለት መስመር ታሰምርለታለች፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ሰሜን። ጠጠር ታስቀምጣለች። «ከዚህ ጠጠር እስከዚያ ጠጠር ስንት ነው?» ትለዋለች። ማንበብ አያውቅም፤ ትልልቅ ቁጥርም ያደናግረዋል። ነገር ግን ዘበኛ ሆኖ ወታደር ሲቈጥር በመዳፍ በመዳፍ፣ አምስት በአምስት ነበርና እንደዚያው ማሰብ ጀመረ። በስድስተኛው ቀን ሳትረዳው የመጀመሪያውን ርቀት አገኘ።

በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ ከአንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ እማማ ዶራት ጠየቁ።

«ልጄ፣ እናቴ የነገረችኝ ነገር አለ። የሐውልቶቹ ጎነ ሦስት ቀጥ ያለ ማዕዘን ካለው፣ እንደ ቤት ጥግ የቆመ ማለቴ ነው፣ የመጨረሻው ቋጠሮ የሚታሰረው እዚያ ነው ትል ነበር። የቋጠረውም ከብርሃኑ ጋር ይቀራል፤ አይመለስም። ሰሌዳው ስለዚህ ምን ይላል?»

አዝሜራ ይህን ጥያቄ ከመዲናይቱ ጀምራ ስትፈራው ነበር። ሰሌዳው የእማማ ዶራትን እናት ቃል ይደግማል። እሷም ገና ቤቷ ሳለች አስልታው ነበር፤ ሁለቱ አጭር ጎኖች በየራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ የረጅሙን የራስ ብዜት ከሰጡ፣ ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። ያ ማዕዘን ኢልሳር ነበር። ኢልሳርንም ለራሷ መርጣለች። ብትናገር እንደማይተዉላት ስላወቀች ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም» አለች። «ሦስቱም ጎን የተለያየ፣ ማዕዘኖቹም ዘመም ያሉ ናቸው። ሁላችንም እንመለሳለን።»

እማማ ዶራት ተነፈሱ። ገልሞ ክንዱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ያጠብቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከእምብርት ድንጋይ ደረሱ። የአመድ ባሕር ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ግራጫ፣ ዝምተኛ፣ አልፎ አልፎ እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ ዝቅ የሚል። እማማ ዶራት ሃያ ቀላዱን ይዘው በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ናጌብ እንዲሄዱ፣ ገልሞ ሁለቱን ጥቅል፣ ዐሥራ አምስቱንና ሃያ አምስቱን፣ ይዞ በደቡቡ ዳርቻ ኢልሳርን አልፎ ወደ ሞራን እንዲሄድ፣ አዝሜራ በኢልሳር ሆና የሚመጡትን ጫፎች እንድትቋጥር ተስማሙ። ገመዶቹ በማግስቱ እኩለ ቀን፣ የሐውልቶቹ ጥላ ከእግራቸው ሥር ሲገባ ይወረወራሉ።

ጎሕ ሲቀድ አዝሜራ ነቃች። ከራስጌዋ ሁለቱ የሞራን ጥቅሎች ተቀምጠዋል። ገልሞ የለም። እሱ በተኛበት ቦታ መሬቱ ተጠርጎ ጠጠር በሥርዐት ተደርድሯል፤ በአንድ ወገን ሦስት በሦስት፣ በሌላው አራት በአራት፣ ከፊታቸው ደግሞ አምስት በአምስት። ዘጠኝና ዐሥራ ስድስት፤ ሃያ አምስት።

እማማ ዶራት ነቅተው ተቀምጠው ነበር።

«ሲደረድረው አየሁት» አሉ። «ገመዶቹን በመዳፍ ቈጥሮ ሦስት፣ አራት፣ አምስት አገኘ። ከዚያ ‹አባቴ ግንበኛ ነበር፤ የቤት ጥግ ሲያቆም ገመዱን ሦስት፣ አራትና አምስት አድርጎ ነበር የሚያጥፈው፤ አንድም ጥግ ዘሞበት አያውቅም› አለኝ። አንቺን እንዳልቀሰቅስሽ ለመነኝ።»

«ለምን ተዉት?»

«እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ ወደ ኢልሳር ልሂድ አልኩት። ‹በተጎዳ ክንዴ ከናጌብ መወርወር አልችልም፤ በእርስዎ እጅ ግን ይታዘዛል› አለኝ። እውነቱን ነው። ምን እላለሁ?»

አዝሜራ ጥቅሎቹን ተሸክማ ሮጠች። ከኢልሳር ሐውልት ሥር ተቀምጦ አገኘችው። ጋሻውን ተደግፎ ነበር። ስትደርስ ተነሣላት።

«አያ ገልሞ፣ ቦታህ ሞራን ነው። ሂድ።»

«አልሄድም።»

«የለካሁት እኔ ነኝ። የምቋጥረውም እኔ ነኝ።»

«ለክተሽ ስታበቂ ልኩን ደበቅሽው» አላት፣ ያለ ቁጣ። «የዘማሪዎቹ ውሸት ከክብር የመጣ ነው፤ ያንቺ ከርኅራኄ። ገመዱ ግን ይህንን አይለይም። ባላውቅ ኖሮ ገመዱን ወርውሬ ሳበቃ በሩቅ ቆሜ ስትጠፊ ልመለከት ነበር። ያንን አንዴ አይቻለሁ። ሁለተኛ ልታሳዪኝ ነበር።»

ጥቅሎቹ ከትከሻዋ ተንሸራተው አመዱ ላይ ወደቁ።

«ይቅር በለኝ» አለች አዝሜራ።

«ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ስሚኝ። የተጎዳው ክንዴ ሌሊቱን አብጧል፤ ሃያ አምስት ቀላድ መወርወር አልችልም። መቋጠር ግን እችላለሁ። ይህም ልክ ነው፤ አስልቼዋለሁ። ደግሞ አንቺ እዚህ ብትቀሪ መዲናይቱ ተመልሳ ዝማሬዋን ትዘምራለች፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሌላ ሃያ ሁለት ሰው በሃያ ቀላድ ይሞታል። የሚያስተምር ሰው ይመለስ።»

«ለእናትህ ምን እላለሁ?»

«የሆነውን ንገሪያት። እንዳትቀንሺ፣ እንዳትጨምሪ።»

ፀሐይ እየወጣች ነበር። ጥቅሎቹን አነሣላትና ትከሻዋ ላይ አደረገላት። እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል ያዛትና ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ወደ ሞራን ሄደች። በዳርቻው ዞሮ እንኳ መንገዱ ከዐሥራ አምስት ቀላድ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በዕድሜዋ እንደዚያ የረዘመባት መንገድ ግን የለም። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችም፤ ዞራ ብታይ እግሯ እንደማይታዘዛት ታውቅ ነበር።

እኩለ ቀን ሆነ። የሞራን ጥላ ከሐውልቱ እግር ሥር ገባ። አዝሜራ ሃያ አምስቱን ቀላድ አንሥታ ወደ ናጌብ ወረወረች፤ ድሩ ነፋሱን ይዞ እንደ ወፍ በረረ፤ በሩቅም እማማ ዶራት፣ ትንሽ ጥቁር ቅርጽ ሆነው፣ እጃቸውን ሲዘረጉ ታዩ። ገመዱ ደረሰ። አልረገበም፣ አላጠረም። ሐውልቱ ከሥሩ ነጭ ሆኖ በራ።

በዚያን ጊዜ የአመዱ ባሕር ተሰነጠቀ። ጉርማዝ ራሱን አወጣ፤ ራሱ እንደ ኮረብታ፣ ጥርሶቹ እንደ ተቃጠለ ደን ነበሩ። በትንፋሹ የአዝሜራ ቀሚስ ጠርዝ ጨሰ። እሷ ግን ሁለተኛውን ጥቅል ያዘች፤ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ አምስት እያለች ወረወረችው። ከናጌብም ሃያው ቀላድ በአመዱ ላይ ሲበር አየች።

ሁለቱ ጫፎች እኩል ኢልሳር ደረሱ። ዘንዶው ያልተዘጋችው ማዕዘን ያቺ ብቻ መሆኗን ዐውቆ ወደዚያ ዞረ። ከሐውልቱ ሥር አንድ ሰው ጋሻውን ጥሎ፣ በአንድ እጁ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ጫፍ ይዞ ቆሞ ነበር። የዘንዶው ጥላ ወደቀበት። ሰውየው አልተቻኮለም። አንድ ጊዜ አዙሮ፣ ሁለት ጊዜ አዙሮ ቋጠረ።

ብርሃኑ ከኢልሳር ተነሣ። በዐሥራ አምስቱና በሃያው በኩል ባንድ ጊዜ ሮጦ በሃያ አምስቱ ላይ ተገናኘ። ጎነ ሦስቱ ተዘጋ። ጉርማዝ ወደ አመዱ ወረደ፤ ባሕሩ በላዩ ተከደነ፤ ነፋሱም ቆመ። አዝሜራ ዓይኗ እስኪለምድ ጠብቃ ወደ ኢልሳር ተመለከተች። ሐውልቱ ነበር። ጋሻውም ነበር።

እማማ ዶራትና አዝሜራ ወደ መዲናይቱ ሲመለሱ ምንጮቹ ጠርተው ነበር። ንጉሡ እስከ ከተማው በር ድረስ በእግራቸው ወጡ። አለቃ ኢዮራም በሸንጎው ፊት ቆመው የሦስቱን ጎኖች ርዝመት እንድትነግራቸው አዝሜራን ለመኑ፤ ዐሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት እያሉ እንደ ተማሪ ደጋገሙት። አዝሜራ ሽልማት ለመቀበል አልቆየችም። በማግስቱ ገልሞ ወደተወለደባት ወደ ደንጎላት መንደር ሄደች።

የገልሞ እናት እማማ ይርገዱ ከቤታቸው ደጃፍ ከድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። አዝሜራ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ያሰላችውን፣ የዋሸችውን፣ እሱ እንዴት እንደደረሰበት፣ በሐውልቱ ሥር የተባባሉትን። አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። ስትጨርስ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ስንት ቀን አስተማርሽው?» አሉ አሮጊቷ።

«ዘጠኝ ቀን።»

«ደስ ይለው ነበር?»

አዝሜራ አሰበች። «ሲገባው ይስቅ ነበር። ብቻውን ይስቅ ነበር፤ እኛ እንኳ ምን እንዳሳቀው አናውቅም።»

እማማ ይርገዱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ከወንድሙ ሞት ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም» አሉ። ከዚያ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። «ቁጭ በይ ልጄ። ስለ ዘንዶው ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

አዝሜራ ተቀመጠች፤ ከመጀመሪያው ቀንም ጀመረች።